ከሞሪሸስ እስከ ኦስሎ፦ ልዩነት ድንበር የሚሆነው መቼ ነው?

የሞሪሸስ ፓርላማ የሚከራከረው በዋናነት በእንግሊዝኛ ነው። ዋና ዋናዎቹ ጋዜጦች የሚታተሙት በፈረንሳይኛ ነው። በገበያና በአውቶቡስ፣ በሰፈርና በኳስ ሜዳ የሚሰማው ግን ክሪዮል ነው። ከማዳጋስካር በስተምሥራቅ፣ በሕንድ ውቅያኖስ ላይ ያለችው ይህች ደሴት ጥንት ሰው አልኖረባትም፤ የዛሬ ሕዝቧ በሙሉ በመርከብ የመጡ ሰዎች ዘር ነው። ሆላንዶች በ1638 ሰፈሩባት፣ ኋላም ጥለዋት ሄዱ። በ1715 ፈረንሳዮች ያዟት፤ በ1810 ደግሞ እንግሊዞች ነጠቋቸው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከአፍሪካና ከማዳጋስካር በባርነት የተጋዙት ሰዎች በ1835 ነፃ ሲወጡ፣ የሸንኮራ አገዳ እርሻ ባለቤቶች ፊታቸውን ወደ ሕንድ አዞሩ። በቀጣዮቹ አሥርት ዓመታት ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጉ ሕንዳውያን የኮንትራት ሠራተኞች በፖርት ሉዊስ ወደብ ገቡ። ቻይናውያን ነጋዴዎችም ተከተሏቸው።

በ1986 ቶማስ ሂላንድ ኤሪክሰን የተባሉ የሃያ አራት ዓመት ኖርዌያዊ የአንትሮፖሎጂ ተማሪ ለመስክ ጥናት ወደ ሞሪሸስ ሄዱ። ጊዜው ስለ ብሔርተኝነት ብዙ የሚጻፍበት ነበር። የማኅበረሰብ ተመራማሪው ኧርነስት ጌልነር በ1983 ባሳተመው መጽሐፉ ብሔርተኝነትን «የፖለቲካው ክልልና የባህሉ ክልል መግጠም አለባቸው» የሚል መርህ አድርጎ ተንትኖታል። ሞሪሸስ ላይ ይህ አይሠራም። ሂንዱው፣ ሙስሊሙ፣ ካቶሊኩ ክሪዮል፣ ቻይናዊውና ከፈረንሳይ ሰፋሪዎች የሚወለደው ነጭ ባለርስት ሁሉም ሞሪሸሳዊ ነኝ ይላሉ፤ ማንኛቸውም ግን የራሳቸውን ባህል የአገሪቱ ባህል ማድረግ አይችሉም። ታዲያ አገሪቱን አንድ አድርጎ የያዛት ምንድን ነው?

ኤሪክሰን መልሱን የፈለጉት በትልልቅ ንግግሮች ውስጥ አልነበረም፤ በዕለት ተዕለት ኑሮ ውስጥ ነበር። እንግሊዝኛ የመንግሥት ቋንቋ ሆኖ የቀጠለው ሕዝቡ ስለሚወደው አይደለም። በቤቱ አፉን የፈታበት የለም ለማለት ይቻላል፤ ስለዚህ በእንግሊዝኛ ሲሠራ ማንም አልበለጠም፣ ማንም አልተበለጠም። ክሪዮልን ግን ሁሉም ይናገረዋል። ብሔራዊ ቋንቋ ለመሆን ከእሱ የተሻለ የለም ያሰኛል። ነገር ግን በሰዎች ዓይን ክሪዮል የአንድ ወገን፣ የባሮች ልጆች ቋንቋ ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ደረጃውን ከፍ ለማድረግ የተደረገው ሙከራ ከባድ የፖለቲካ ውዝግብ አስነስቶ ከሸፈ። በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት መሰጠት የጀመረው በ2012 ነው። ሁሉም የሚጋራው ነገር ሁሉንም አንድ ላያደርግ፣ ማንም የማይጋራው ደግሞ ሊያስማማ ይችላል። እኔ ከኤሪክሰን ሥራዎች መጀመሪያ የገረመኝ ይህ ነው።

ደሴቲቱን እንደ ገነት መሳል ግን ስህተት ነው። በ1968 መጋቢት ነፃነት ከመታወጁ ሁለት ወር ቀደም ብሎ በፖርት ሉዊስ ሙስሊሞችና ክሪዮሎች ተጋጭተው የእንግሊዝ ወታደሮች ገብተዋል። በ1999 የካቲት ካያ በሚል ስም የሚታወቀው ክሪዮል ሙዚቀኛ በፖሊስ ጣቢያ ሕይወቱ ሲያልፍ አገሪቱ ለቀናት ታመሰች። የምርጫ ሕጉም የራሱ ጣጣ አለው። ስድሳ ሁለት አባላት በቀጥታ ይመረጣሉ፤ ከተሸናፊዎቹ ውስጥ እስከ ስምንት የሚደርሱት ደግሞ የማኅበረሰቦችን ውክልና ለማመጣጠን ይጨመራሉ። ለዚህ ሲባል እጩው የየትኛው ማኅበረሰብ አባል እንደሆነ ማስመዝገብ ነበረበት። ስሌቱ የሚሠራው ደግሞ በ1972 ቆጠራ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ቆጠራው ሰውን «የየትኛው ማኅበረሰብ ነህ?» ብሎ መጠየቁን አቁሟል። ማንም እንዳይገለል የተበጀው ሥርዓት ሰውን ሁሉ ከአንዱ ሳጥን ካላስገባ አይሠራም። ብዙ ማኅበረሰብ ያለበት አገር ሁሉ ይህ ችግር ይገጥመዋል፤ ኤሪክሰንም ሙሉ መፍትሔ አለኝ አላሉም።

የእሳቸው የአስተሳሰብ ሥር ሌላ ቦታ ነው፤ በርገን፣ ኖርዌይ። በ1967 ፍሬድሪክ ባርት የተባሉት አንትሮፖሎጂስት የስካንዲኔቪያ ባልደረቦቻቸውን እዚያ ሰበሰቡ። ከስብሰባው የወጣው መጽሐፍ በ1969 ታትሞ የትምህርት መስኩን አቅጣጫ ለወጠ። እስከዚያ ድረስ የተለመደው አሠራር አንድን ሕዝብ ለብቻው ወስዶ ቋንቋውን፣ አለባበሱን፣ ሠርጉንና ለቅሶውን መዘርዘር ነበር። ባርት «ዝርዝሩን ተዉትና ድንበሩን እዩ» አሉ። በሁለት ሕዝቦች መካከል ሰው ይሻገራል፣ ባህል ይወራረሳል፣ ንግድ ይካሄዳል፤ ድንበሩ ግን ይኖራል። ስለዚህ ድንበሩን የሚያቆመው ሰዎች ተራርቀው መኖራቸው ሊሆን አይችልም። «እኛ» እና «እነሱ» የሚባለው ነገር የሚሠራው ሰዎች ሲገናኙ ነው።

ከመጽሐፉ ምዕራፎች አንዱ የተጻፈው ስለ ደቡብ ኢትዮጵያ መሆኑን ብዙ አንባቢ ላያውቅ ይችላል። ጸሐፊው ስዊድናዊው ካርል ኤሪክ ክኑትሰን ናቸው፤ ቀደም ሲል በሜጫ ኦሮሞ ዘንድ ስላለው የቃሉ (የባህላዊ የሃይማኖት መሪ) ሥርዓት ያጠኑ ሰው ነበሩ። ሌላው ምዕራፍ የጉናር ሆላንድ ሲሆን ስለ ዳርፉር ነው፤ እሱ ላይ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል። ሆላንድ እንዳዩት፣ የፉር ገበሬ በጀበል መራ አካባቢ እህል ያመርታል። ባልና ሚስት እንኳ እርሻቸውም ጎተራቸውም የየራሳቸው ነው። ትርፍ ያገኘ ሰው በመንደሩ ውስጥ ገንዘቡን የሚያውልበት ብዙ ነገር የለም፤ ከብት ይገዛል። ከብቱ ሲበዛ ደግሞ ሣርና ውኃ ተከትሎ መንቀሳቀስ አለበት። ሰውየው ቤተሰቡን ይዞ ከአረብኛ ተናጋሪዎቹ የባጋራ ዘላኖች ጋር መሄድ ይጀምራል። አኗኗሩ እንደ እነሱ ይሆናል፤ ጎረቤቱም እንደ ባጋራ ይቆጥረዋል፤ ልጆቹ አረብኛ እየተናገሩ ያድጋሉ። ደሙ አልተለወጠም፤ የተለወጠው መተዳደሪያው ነው። ከዚህ ሁሉ በኋላም ግን ፉርና ባጋራ ሁለት የተለያዩ ሕዝቦች ናቸው። ሰውየው ተሻገረ እንጂ ድንበሩን አላፈረሰውም።

ሌላ ምዕራፍ ደግሞ ኖርዌይን ራሷን ይመለከታል። ሃራልድ አይድሃይም በሰሜን ጫፍ፣ በፊንማርክ የባሕር ዳርቻ የሚኖሩትን ሳሚዎች፣ የአካባቢውን ነባር ሕዝብ፣ አጠኑ። ሰዎቹ ለእንግዳ የሚያሳዩት ሁሉ ኖርዌያዊ ነበር፦ ቤታቸው፣ ልብሳቸው፣ ንግግራቸው። ሳሚኛ የሚነገረው በር ተዘግቶ፣ በማጀት ነበር። እንግዳ ሲገባ ወሬው ወዲያው ወደ ኖርዌይኛ ይዞር ነበር። መንግሥት ለትውልዶች በትምህርት ቤት ያካሄደው ኖርዌያዊ የማድረግ ዘመቻ ሳሚነትን የሚያሳፍር ነገር አድርጎት ነበር። በገሃድ ሲታዩ በሁለቱ ወገኖች መካከል የባህል ልዩነት አለ ማለት ያስቸግር ነበር፤ ድንበሩ ግን በየቤቱ ደጃፍ ቆሞ ነበር።

ኤሪክሰን ባርትን እጅግ ያከብሩ ነበር፤ ሙሉ የሕይወትና የሥራ ታሪካቸውንም ጽፈዋል። ነገር ግን ጉድለታቸውን አልሸፈኑም። የባርት ሰው ነጋዴ ይመስላል፤ የሚጠቅመውን አይቶ ይሻገራል። የፊንማርኩ ሳሚ ግን ከኖርዌይ መንግሥት ጋር ተደራድሮ አይደለም ቋንቋውን የደበቀው። በድንበሩ ላይ ጉልበት አለ፣ ሕግ አለ፣ ትምህርት ቤትና ቆጠራ አለ። ኤሪክሰን በ1993 ያሳተሙትና በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች መማሪያ የሆነው በዘውግና በብሔርተኝነት ላይ ያተኮረው መጽሐፍ ይህንን ክፍተት ለመሙላት የተጻፈ ነው ብዬ አምናለሁ፦ የባርትን ድንበር ከጌልነር መንግሥት ጋር ያገናኘዋል። ዘርን በተመለከተም አቋሙ ግልጽ ነው። የዘረመል ተመራማሪው ሪቻርድ ሌወንቲን በ1972 እንዳሳዩት ከሰው ልጅ የዘረመል ልዩነት 85 በመቶ ያህሉ የሚገኘው በአንድ ሕዝብ ውስጥ ባሉ ሰዎች መካከል እንጂ በሕዝቦች መካከል አይደለም። ዘር በሥነ ሕይወት ዓይን ደካማ አመዳደብ ነው፤ ሆኖም ሰዎች አምነውበት ሲኖሩ ማን ቤት እንደሚከራይ፣ ማን ሥራ እንደሚያገኝ ይወስናል። የሚጠናውም ለዚሁ ነው።

ከሞሪሸስ በኋላ ትሪኒዳድ ላይ ሠርተው በ1995 የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆኑ። ከ2004 እስከ 2010 በዩኒቨርሲቲው ስለ አዲሲቷ ኖርዌይ የባህል ስብጥር የሚያጠና ትልቅ ፕሮግራም መሩ። ከምሥራቅ ኦስሎ ሸለቆ ከግሩሩዳለን መንደሮች አንዱ የሆነው ፉሩሴት፣ የባቡር መስመርና ኮንዶሚኒየም የሚመስሉ ረጃጅም ሕንፃዎች ያሉት፣ ከፓኪስታን፣ ከሶማሊያና ከሌሎች ብዙ አገሮች የመጡ ሰዎች የሚኖሩበት ሰፈር፣ አንዱ የመስክ ቦታቸው ሆነ። ጋዜጦች ሰፈሩን የሚያነሱት ችግር ሲኖር ነበር። ኤሪክሰንና ባልደረቦቻቸው ግን ሌላ ጥያቄ አነሱ፦ ሰው የአንድ ሰፈር ሰው የሚሆነው እንዴት ነው? ይህን ለማወቅ ትምህርት ቤቱን፣ የስፖርት ክለቡን፣ የጎረቤት ግንኙነቱን አዩ።

በዚህ ጊዜ ነው ብዙ መዘዝ ያመጣባቸውን ነገር የተናገሩት። በ2008 በሰጡት ቃለ ምልልስ፣ ስለ ስደተኞችና ስለ አናሳ ማኅበረሰቦች ብዙ ከተጠና ቀጣዩ ሥራ ብዙኃኑን ራሱን መፍታት፣ አንድ ወጥ ነው ተብሎ እንዳይጠራ አድርጎ መፍታት ነው አሉ። የተመራማሪ ሐሳብ ነው። ፓኪስታናዊውን በጥቃቅን ዝርዝር እያጠኑ «ኖርዌያዊ» የሚለውን ዝም ብሎ ማለፍ፣ አንዱን እንግዳ ሌላውን መለኪያ ያደርጋል። የኦስሎው ጠበቃ፣ የፊንማርኩ ዓሣ አጥማጅና የምዕራቡ ጠረፍ ጴንጤ በአንድ ጆንያ አይገቡም። የቀኝ አክራሪ ድረ ገጾች ግን ዓረፍተ ነገሩን ነጥለው ወሰዱት፤ ኖርዌይን የማጥፋት ዕቅድ ነው ብለው ተቀባበሉት።

በ2011 ሐምሌ 22 ቀን አንድ ኖርዌያዊ በኦስሎ የመንግሥት ሕንፃዎች አጠገብ ቦምብ አፈንድቶ 8 ሰዎችን፣ ከዚያም ኡቶያ ደሴት ላይ በወጣቶች ካምፕ 69 ሰዎችን ገደለ። ከጥቃቱ በፊት በኢሜይል ባሰራጨው ከ1,500 ገጽ በላይ በሆነ ጽሑፍ ውስጥ የኤሪክሰን ስምና ያ ንግግራቸው አለ። በ2012 ችሎቱ ሲከፈት ትልቁ ክርክር ሰውየው ጤነኛ ነው ወይስ እብድ የሚል ነበር፤ ሁለት የሐኪሞች ቡድኖች ተቃራኒ ድምዳሜ አቅርበዋል። የተከላካይ ጠበቆቹ ሐሳቦቹ የአእምሮ በሽታ ቅዠት ሳይሆኑ ብዙ ሰው የሚጋራቸው መሆናቸውን ለማሳየት ምሁራንን በምስክርነት ጠሩ። ከተጠሩት አንዱ ኤሪክሰን ነበሩ። እንደ ጠላት የቆጠራቸው ሰው ጠበቆች ጋብዘዋቸው በዚያው ክፍል ተቀመጡ። ነሐሴ 24 ቀን ፍርድ ቤቱ ተከሳሹ ለድርጊቱ ተጠያቂ ነው ብሎ የ21 ዓመት እስር በየነበት፤ አደገኛነቱ ከቀጠለ የሚራዘም ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን ዝም ማለት ይችሉ ነበር። አላሉም። በጋዜጣ ላይ መጻፍ፣ በሬዲዮ መከራከር፣ ለመምህራንና ለነርሶች መጻሕፍት ማዘጋጀትን የሥራቸው ግማሽ አድርገው ያዩት ነበር፤ በእኔ እምነት ከምርምራቸው ያላነሰ ዋጋ ያለው ይህ ነው። በ2016 ካንሰር ተገኘባቸው፤ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ጽፈው በ2024 ኅዳር 27 ቀን በ62 ዓመታቸው አረፉ።

በመጨረሻዎቹ ዓመታት ወደ ትልቅ ጥያቄ ተሸጋገሩ። ከ2012 ጀምሮ በአውሮፓ የምርምር ምክር ቤት ድጋፍ በመሩት ጥናት፣ ዓለም ከመጠን በላይ ፈጥናለች፣ ግላለች አሉ፦ ጉዞው፣ ንግዱ፣ ነዳጁ፣ ከተማው ሁሉ በአንድ ጊዜ። እሳቸው ራሳቸው አውስትራሊያ ውስጥ ግላድስተን በተባለች የድንጋይ ከሰልና የጋዝ ወደብ ከተማ ኖረው ይህንን አዩ። እዚያ ሥራውና ገንዘቡ ከሩቅ ይመጣል፤ ወደቡ እንዲቆፈር የሚወስነው ሩቅ ያለ ኩባንያ ነው፤ አቧራውንና የቤት ኪራዩን የሚችለው ግን የከተማው ሰው ነው። ለውጡ በእሱ ላይ ወረደ እንጂ ማንም አላማከረውም። የኤሪክሰን ክርክር ዘውገኝነትም፣ ስደተኛን መጥላትም፣ ሃይማኖታዊ አክራሪነትም በየቦታው አብረው የሚግሉት ከዚህ የተነሳ ነው የሚል ነው። ሰው ኑሮው ከእጁ እንደወጣ ሲሰማው፣ ቢያንስ ማን «እኛ» ማን «እነሱ» እንደሆነ እኔ ልወስን ይላል። ስለዚህ በየምርጫው የስደተኛ ቁጥር ላይ ብቻ የሚደረገው ክርክር የነገሩን ግማሽ ይተዋል፤ የቀረው ግማሽ ያለው ስለ ሥራ፣ ስለ ቤትና ስለ ፋብሪካ ውሳኔ በሚሰጥበት ጠረጴዛ ላይ ነው።