ለፒክአፕ መኪና የተጎታች ማያያዣ ኳስ፦ እንዴት እንምረጥ? የት እናስቀምጥ?

ከወገኖቻችን መካከል በአትክልት ሥራ፣ በቤት እድሳት ወይም ዕቃ በማመላለስ ቤተሰባቸውን የሚያስተዳድሩ ብዙዎች ናቸው። ሥራው ሲሰፋ ፒክአፑ ብቻውን አይበቃም፤ ከኋላው ተጎታች ይጨመራል። የሣር ማጨጃው፣ አሸዋው፣ ለሠርግ የሚከራየው ድንኳንና ወንበር ሁሉ በዚያ ላይ ይጫናል። ይህን ሁሉ ክብደት ከመኪናው ጋር የምታገናኘው ግን ከሎሚ ብዙም የማትበልጥ አንዲት የብረት ኳስ ናት። ኳሷ ወይም ኳሷን የሚሸከመው ብረት ካልተስማማ፣ ተጎታቹ በአውራ ጎዳና ላይ ተለይቶ ከኋላ የሚመጣውን ቤተሰብ ሊመታ ይችላል። ስለዚህ ይህ ዕቃ እንዴት እንደሚመረጥና ከሥራ በኋላ የት እንደሚቀመጥ በዛሬው ጽሑፋችን በዝርዝር እንመለከታለን።

በመጀመሪያ ስሞቹን እንወቅ

በእስራኤል ጋራዦች ማያያዣው በጠቅላላው "ቫቭ ግሪራ" ይባላል። ኳሷን "ታፑአኽ" ይሏታል፤ ፖም ማለት ነው። ተጎታቹ ደግሞ "ኒግራር" ወይም "አጋላ" ነው። ልብስ መስቀያ የሚመስል መንጠቆ የሚጠብቅ ሰው፣ ባለሙያው ስለ ፖም ሲያወራ ግራ ቢገባው አይፈረድበትም። በተጎታቹ ጫፍ ላይ ኳሷን ከላይ የሚጎርሰውን ክፍል እኛ በዚህ ጽሑፍ መንጋጋ እንለዋለን።

በፒክአፕ ላይ በብዛት የሚታዩት ሁለት ዓይነቶች ናቸው። አንደኛው የአውሮፓ ዓይነት ሲሆን፣ ኳሷና አንገቷ አንድ ብረት ሆነው በብሎን ይታሰራሉ፣ ወይም በቁልፍ ይነቀላሉ። ሁለተኛው የአሜሪካ ዓይነት ነው። በዚህኛው ከመኪናው በታች አራት ማዕዘን የሆነ ቱቦ አለ፤ ኳሷን የተሸከመው ብረት ወደ ቱቦው ይገባና በወፍራም ፒን ይያዛል። ይህ ተሸካሚ ብረት ለብቻው ስለሚሸጥ ሰዎች በቀላሉ ከአሜሪካ ያስመጡታል፣ ወይም ያገለገለ ይገዛሉ። ስህተቱም ብዙ ጊዜ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

የኳሷ መጠን

በአውሮፓና በእስራኤል ለቀላል ተጎታች የሚያገለግለው ኳስ ስፋቱ 50 ሚሊሜትር ነው። በአሜሪካ ግን ሦስት የተለመዱ መጠኖች አሉ፤ 47.6፣ 50.8 እና 58.7 ሚሊሜትር። በዓይን ሲታዩ ይመሳሰላሉ። ሆኖም ለ50 ሚሊሜትር የተሠራ መንጋጋ በ50.8 ኳስ ላይ በትክክል ላይቀመጥ ይችላል። ከዚህ የሚብሰው ግን የትንሿ ኳስ ጉዳይ ነው። መንጋጋው 47.6 የሆነችውን ኳስ ይጎርሳል፣ እጀታውም ይወርዳል፣ የተቆለፈም ይመስላል፤ መንገድ ላይ ጉብታ ሲያገኝ ግን ዘሎ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ በዓይን ግምት አይመኑ። መጠኑ አብዛኛውን ጊዜ በኳሷ አናትና በመንጋጋው ላይ ተቀርጾ ይገኛል፤ ሁለቱ ቁጥሮች አንድ መሆን አለባቸው።

ያገለገለ ኳስ ሲሆን ደግሞ መለካት ያስፈልጋል። 50 ሚሊሜትር የነበረች ኳስ ተፋቅታ 49 ከደረሰች ጊዜዋ አልፏል፣ መለወጥ አለባት።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለን። የአሜሪካው ቱቦ ብዙውን ጊዜ "ሁለት ኢንች" ነው ይባላል፤ ኳሷም "ሁለት ኢንች" ልትባል ትችላለች። እነዚህ ሁለት የተለያዩ ልኬቶች ናቸው። የቱቦው ልክ ተሸካሚው ብረት መግባቱን ብቻ ይነግረናል፤ ኳሷ ከተጎታቹ መንጋጋ ጋር መስማማቷን አይነግረንም።

ከቁጥሮቹ ሁሉ ትንሹ ይገዛል

መኪናው ምን ያህል መጎተት እንደሚችል የራሱ ቁጥር አለው። ከመኪናው በታች የታሰረው ብረት፣ ተሸካሚው፣ ኳሷና መንጋጋውም እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቁጥር አላቸው። እንበልና ፒክአፑ 3,000 ኪሎ ይጎትታል፣ የታችኛው ብረት 2,000 ኪሎ ይችላል፣ የገዛነው ተሸካሚ ግን 1,500 ኪሎ ይላል። እንግዲህ ልንጎትት የምንችለው 1,500 ኪሎ ብቻ ነው፤ ያውም የተጎታቹ የራሱ ክብደት ተደምሮበት። የመኪናው ሞተር ጉልበት እዚህ ላይ ምንም አይጨምርም።

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አንድ ሜትር ኩብ ደረቅ አሸዋ 1,600 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ እርጥብ ሲሆን ደግሞ ከዚያ ይበልጣል። ተጎታቹ ገና ቦታ ስላለው ብቻ "ትንሽ ጨምርበት" ማለት አደጋ መጥራት ነው።

በአውሮፓ ዓይነት ማያያዣ ላይ ትንሽ የብረት ሰሌዳ ትገኛለች። በሰሌዳዋ ላይ "ዲ" እና "ኤስ" በሚሉት የላቲን ፊደላት አጠገብ ቁጥሮች አሉ። የመጀመሪያው ማያያዣው የሚችለውን የመጎተት ኃይል ያመለክታል። ሁለተኛው ተጎታቹ ኳሷን ቁልቁል እንዲጫን የተፈቀደለት ከፍተኛ ክብደት ሲሆን በኪሎ የተጻፈ ነው። ወላጆች ጽሑፉ ካስቸገራችሁ ልጆቻችሁ በስልክ ፎቶ አንስተው ያንብቡላችሁ፤ ፎቶውንም አስቀምጡት፣ ጋራዥ ስትሄዱ ይጠቅማችኋል።

ቁልቁል የሚጫነው ክብደት ሲያንስም ሲበዛም ጥሩ አይደለም። ዕቃው ወደ ኋላ ከተከመረ ተጎታቹ እንደ እባብ መወዛወዝ ይጀምራል። ዕቃው ሁሉ ወደ ፊት ከሆነ ደግሞ የፒክአፑ ጀርባ ይሰምጣል፣ የፊት ጎማዎቹ ይቀላሉ፣ መሪውም አይታዘዝም። በአሜሪካ ከጠቅላላው የተጎታች ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው በኳሷ ላይ እንዲያርፍ ይመከራል። የአውሮፓ ማያያዣዎች ግን ብዙ ጊዜ የሚፈቅዱት ከዚያ ያነሰ ስለሆነ፣ ወሳኙ በሰሌዳዋ ላይ ያለው ቁጥር ነው። ለመለካት የቤት ሚዛን ይበቃል። ተጎታቹን ደልዳላ ቦታ ላይ ያቁሙ፣ ጎማዎቹን በድንጋይ ወይም በእንጨት ያግዱ፣ ከዚያም መንጋጋው በኳሷ ከፍታ ልክ በተቆረጠ እንጨት አማካይነት በሚዛኑ ላይ እንዲያርፍ ያድርጉ።

ከፍታው

ተጎታቹ ሲታሰር እንደ ጠረጴዛ ደልደል ብሎ መቆም አለበት። የአሜሪካው ዓይነት ተሸካሚ ብረት ቀጥ ያለ ወይም ወደ ታች የታጠፈ ሆኖ የሚሠራው ለዚሁ ነው። ከመሬት እስከ ቱቦው የውስጥ አናት ይለኩ፤ ከዚያም ደልደል ብሎ ከቆመው ተጎታች መንጋጋ ሥር እስከ መሬት ይለኩ። የመጀመሪያው 55፣ ሁለተኛው 45 ሳንቲሜትር ቢሆን፣ የሚያስፈልገው 10 ሳንቲሜትር ዝቅ ያለ ተሸካሚ ነው።

የሕጉስ ነገር?

በእስራኤል ማያያዣው ፈቃድ ባለው ጋራዥ መገጠምና በመኪናው ፈቃድ ላይ መመዝገብ አለበት፤ ተጎታቹም የራሱ ሰሌዳና የራሱ ፈቃድ አለው። በጎረቤት ግቢ የተበየደ ብረት ዛሬ ርካሽ ነው፤ አደጋ የደረሰ ዕለት ግን ከኢንሹራንስ ጋር የሚያስከትለው ክርክር ውድ ነው።

ከሥራ በኋላ የት እናስቀምጠው?

የሚነቀል ከሆነ ተጎታች በማይጎትቱበት ጊዜ ይንቀሉት። እንዳለ ሲተው የሰው ቅልጥም ይመታል፣ የሰሌዳ ቁጥሩን ሊጋርድ ይችላል፣ ከኋላ መኪና ቢገጭዎትም ጉዳቱን ያብሳል።

ነቅለው ግን ከኋላ ወንበር ሥር አይጣሉት። 6 ኪሎ የሚመዝን ብረት መኪናው በሰዓት 50 ኪሎሜትር ሲሄድ ቢጋጭ፣ ወደ ፊት የሚወነጨፍበት ፍጥነት ከ10 ሜትር ያህል ከፍታ ማለትም ከሦስተኛ ፎቅ ሲወድቅ ከሚኖረው ፍጥነት ጋር እኩል ነው። ከፊቱ ያለው ደግሞ የልጅ ጀርባ ሊሆን ይችላል። ቦታው በጭነቱ ክፍል ያለ የሚቆለፍ የዕቃ ሳጥን ነው፤ እዚያም በአሮጌ ፎጣ ተጠቅልሎ፣ በቀበቶ ታስሮ ይቀመጥ።

በቤት ሲሆን "ማኽሳን" ውስጥ በታችኛው መደርደሪያ ላይ ወይም በወለሉ ላይ ያኑሩት። በረንዳ ጠርዝ ላይ ወይም ልጆች ስበው በእግራቸው ላይ በሚጥሉት ቦታ አይሁን። ፒኑንና የፒኑን መቆለፊያ ሽቦ በራሱ በተሸካሚው ቀዳዳ መልሰው ያስገቡ፤ ሌሊት 11 ሰዓት ሥራ ለመውጣት ሲጣደፉ የሚጠፋው ይኸው ሽቦ ነውና።

እንደ አሽዶድ፣ አሽቀሎንና ኔታንያ ባሉ የባሕር ዳርቻ ከተሞች ለምንኖር ጨዋማው አየር ትልቅ ጠላት ነው። ለወራት ሳይነቀል የቆየ ተሸካሚ ከቱቦው ጋር በዝገት ይጣበቅና በመዶሻም እምቢ ይላል። ስለዚህ አልፎ አልፎ ይንቀሉት፣ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ይጥረጉ፣ ወደ ቱቦው የሚገባውን ክፍል በስሱ ግሪስ ይቀቡ፣ ቱቦውንም በፕላስቲክ ክዳን ይሸፍኑ። ኳሷም ስስ ግሪስ ትወዳለች። ነገር ግን የተጎታቹ መንጋጋ ኳሷን በሰበቃ ይዞ መወዛወዝን የሚከላከል ዓይነት ከሆነ፣ ኳሷ ፈጽሞ ግሪስ ሊነካት አይገባም።

በመጨረሻም አንድ ነገር አጥብቀን እንለምናለን። ጭቃ የያዘውን መኪና ለማውጣት ገመድ በኳሷ ላይ አይሰሩ። ኳሷ ለዚያ ዓይነት ድንገተኛ ስበት አልተሠራችም፤ ተሰብራ እንደ ጥይት ስትወነጨፍ ሰው የሞተባቸው አጋጣሚዎች አሉ።

ከመነሳታችን በፊት

ሁልጊዜ እነዚህን አምስት ነገሮች እንይ፦ የኳሷና የመንጋጋው ቁጥር አንድ መሆኑን፣ ፒኑና ሽቦው በቦታቸው መሆናቸውን፣ መንጋጋው ከተቆለፈ በኋላ ተጎታቹ ወደ ላይ ሲነሳ አለመላቀቁን፣ የጥንቃቄ ሰንሰለቶቹ ከመንጋጋው ሥር ተጠላልፈው መታሰራቸውን፣ መብራቶቹም መሥራታቸውን። ይህ ሁሉ ከሁለት ወይም ከሦስት ደቂቃ በላይ አይወስድም። እንጀራ ፍለጋ የወጣ አባት ወይም ወንድም ማታ በሰላም እንዲመለስ፣ ከኋላው የሚነዳውም እንዲሁ በሰላም ቤቱ እንዲገባ፣ ይህችን ያህል ጊዜ መስጠት ተገቢ ነው እንላለን።

መልካም መንገድ!