አንድ ጣውላ፣ ብዙ ሥዕል

ኪነ ጥበብ ከጥቂቶች ሳሎን ወጥቶ ወደ ሠርቶ አደሩ መንደር፣ ከአዲስ አበባም አልፎ እስከ ቆቦ መድረስ አለበት ሲባል ብዙ ጊዜ ሰምተናል። በምን መንገድ? ለሚለው ጥያቄ ግን መልስ የሚሰጠው መፈክር ሳይሆን የሥራው ስልት ራሱ ነው። ከስልቶቹም አንዱ የእንጨት ኅትመት ነው።

አሠራሩ ግልጽ ነው። ሠዓሊው ንድፉን በጣውላ ላይ ያሰፍራል፤ ነጭ ሆኖ መቅረት ያለበትን በስለት ፈልፍሎ ያወጣል፤ ጎልቶ በቀረው ላይ ቀለም ቀብቶ ወረቀት ይጫንበታል። ፊደል ካለበት ተገልብጦ ይቀረጻል። ከአንድ ጣውላ በርካታ ሥዕሎች ይወጣሉ።

ይህ ስልት በአገራችን ሥር የያዘው በሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም መሥራችነት በ1950 ዓ.ም. በተከፈተው የአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ነው። ጀርመናዊው ሐንሰን ባሂያ እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1966 በዚያ አስተምረዋል። ከተማሪዎቻቸው አንዱ ሠዓሊ ዘሪሁን የትምጌታ የተማሩትን ስልት ከክታብ ጠልሰሞች ጋር አዋሕደዋል፤ በሸማኔ መሣሪያ የቀርከሃ ፍልጮች ላይም ሥለዋል። እ.ኤ.አ. በ1992 በዳካር ቢየናሌ ተሸልመዋል።

«ይህ የባዕድ ውርስ አይደለምን?» የሚሉ አይጠፉም። ታሪኩ ግን ሌላ ያስተምረናል። እ.ኤ.አ. በ1905 በድሬስደን የተሰባሰቡት፣ «ድልድይ» የተባሉት የጀርመን ሠዓልያን የእንጨት ኅትመትን ሲያድሱ በሙዚየም ካዩት የአፍሪካ ቅርጻ ቅርጽ ተምረዋል። እንግዲህ አፍሪካ ከአውሮፓ የተቀበለችው በከፊል የራሷን ነው። መዋስ አያሳፍርም፤ የሚያሳፍረው የራስን እጅ መናቅ ነው።

ይህ ቆቦን ምን ይመለከታል? ጥለት የሚጥለው ሸማኔ፣ ሙዳይ የምትሰፋው እናት፣ እንጨት የሚጠርበው አናጺ የመስመርና የቅርጽ ዕውቀት ባለቤቶች ናቸው። የሚያስፈልገው ጣውላ፣ ስለት፣ ቀለምና ወረቀት ነው። የትምህርት ቤት ክበብና የቀበሌ ማኅበር ተባብረው ሊጀምሩት ይችላሉ። የሸራ ሥዕል ለአንድ ግድግዳ ነው፤ ከጣውላ የወጣው ግን ለማኅበሩ አዳራሽም ለሠራተኛው ቤትም ይዳረሳል። የራያ ሜዳ ማሽላና የገበሬው ድካም በአገሩ ልጆች እጅ ተቀርጾ በአገሩ ግድግዳ እስኪሰቀል ድረስ፣ ውሕደቱ ተፈጽሟል አንልም።