መርከብም የጭነት ልክ አለው

ጎረቤላ ላይ ቆመን ባሕር አናይም። ቢሆንም አንኮበርና ባሕር የቆየ ትውውቅ አላቸው። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ነጋዴዎች ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ ይወርዱ ነበር። ከዚያም የአፋርን በረሃ አቋርጠው ታጁራ ወደብ ይደርሳሉ። ዛሬም ከአገራችን ብዙ ወጣቶች በጅቡቲ በኩል ባሕር ለመሻገር ይሄዳሉ። ስለዚህ የባሕር ጉዞ ነገር እኛንም ይመለከታል።

አህያ ስንጭን ጭነቱን እናመዛዝናለን። ወደ አንድ ጎን ካደላ ይወድቃል። ከበዛ አህያው ይንበረከካል። መርከብም እንዲሁ ነው። ከልክ በላይ ሲጫን ወደ ውሃው ጠልቆ ይገባል። ትንሽ ማዕበል ሲመጣ ውሃ ይሞላዋል። ሰው ደንግጦ ወደ አንድ ጎን ከሮጠ ደግሞ ይገለበጣል።

ታዲያ ልኩ በምን ይታወቃል? በመርከቡ ጎን መስመር ይሰመራል። ውሃው መስመሩን ካለፈ ጭነቱ በዝቷል ማለት ነው። እንግሊዞች ይህን ምልክት በ1868 ዓ.ም. በሕግ አስገደዱ። ለሕጉ ብዙ የታገለው ሳሙኤል ፕሊምሶል የሚባል የምክር ቤት አባል ነበር።

በሚያዝያ ወር 1904 ዓ.ም. ታይታኒክ የሚባል ትልቅ መርከብ ከበረዶ ግግር ጋር ተጋጭቶ ሰጠመ። ወደ 2,200 ሰዎች ተሳፍረውበት ነበር። የነፍስ አድን ጀልባዎቹ ግን ከ1,200 ሰው በላይ አይዙም። ከ1,500 በላይ ሰዎች አለቁ። በ1906 ዓ.ም. አገሮች ለንደን ላይ ተሰብስበው መከሩ። ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ በነፍስ አድን ጀልባ ቦታ ይኑረው፤ የመርከብ ራዲዮም ሌት ተቀን ሰው ይጠብቀው ብለው ተስማሙ። ስምምነቱ እየተሻሻለ እስከ ዛሬ ይሠራል።

የሕገ ወጥ ደላላ ጀልባ ግን ልክ አያውቅም። ደላላው የሚቆጥረው ገንዘቡን እንጂ ሰውን አይደለም። ሐምሌ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. ከ150 በላይ ሰዎች የያዘ ጀልባ በየመን፣ በአብያን ባሕር ዳርቻ ተገለበጠ። አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ከ70 በላይ ሰዎች ሞቱ።

ደላላ «ጀልባው ትልቅ ነው፣ አይዞህ» ቢል ልጆቻችን ይጠይቁ። ስንት ሰው ይጭናል? ለሁሉም ተንሳፋፊ ልብስ አለ? ቢሰጥም ማን ይደርሳል? መልስ ከሌለ አይሳፈሩ። እኛም ይህን ለማያነቡት እናንብብላቸው።

ጥያቄዎች
1. ጭነት የበዛበት መርከብ ምን ይሆናል?
2. በመርከብ ጎን ያለው መስመር ምን ያሳያል?
3. ልጃችን ባሕር ልሻገር ቢል ምን እንለዋለን? ተወያዩበት።