ባቡር ሐዲድ ዳር ያለ ቤት ልትገዙ ነው? ጆሮ ይለምዳል፤ ልብ ግን ሙሉ በሙሉ አይለምድም

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ጨጓራ ወይም ስለ ወባ ሳይሆን ስለ ቤት ግዢ ነው። "ዶክተር ደግሞ መቼ ደላላ ሆነ?" እንዳትሉኝ። ከዕድሜያችን ሲሶ የሚሆነውን ተኝተን የምናሳልፈው ቤት ውስጥ ነው። እንቅልፋችንን፣ የምንተነፍሰውን አየር፣ የደም ግፊታችንን የሚነካ ነገር ደግሞ የእኔም ሥራ ነው።

ጉዳዩን ያነሳችው እዚህ ፓዌ አብራኝ የምትሠራ ሲስተር ናት፤ ስሟን ሳልጠቅስ እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች። የድሬዳዋ ልጅ ናት። ለዓመታት የቆጠበችውን ይዛ ወደ ሀገሯ ልትመለስ አስባለች። ከዚራ ሰፈር፣ ከአሮጌው ሐዲድ ዳር አንድ ቤት አግኝታለች፦ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ፣ ከፍ ያለ ኮርኒስ፣ ሰፊ በረንዳ፣ ግቢው ውስጥ ትልቅ የኒም ዛፍ። ልቧ እዚያ ቀርቷል። ባለቤቷ ግን አዲስ አበባ፣ ቀላል ባቡሩ በሚያልፍበት ዋና መንገድ ዳር ያለ ኮንዶሚኒየም ይሻላል ባይ ነው። አብረዋቸው የሚኖሩት እናቷ 68 ዓመታቸው ነው፤ የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ። የ7 ዓመት ልጇ አስም አለበት።

"ዶክተር፣ ሁለቱም ሐዲድ ዳር ናቸው። ባለቤቴ 'ድምፁን ትለምጂዋለሽ' ይለኛል። አንተ ብትሆን የቱን ትገዛለህ?" አለችኝ።

ፓዌ ባቡር የለም። እዚህ እንቅልፍ የሚነሳን ጄኔሬተር፣ የሙዚቃ ድምፅ ወይም ሌሊት የሚያልፍ ከባድ መኪና ነው። ስለዚህ ሐዲድ ዳር ባትኖሩም ይሄ ጽሑፍ ለእናንተም ይሆናል።

"ትለምጂዋለሽ" እውነት ነው?

ግማሹ እውነት ነው። መጀመሪያ ሰሞን ባቡር ባለፈ ቁጥር የሚባንን ሰው ከጥቂት ሳምንት በኋላ ላይባንን ይችላል። "ኧረ እኔ እኮ አልሰማውም" ይላል። ችግሩ ዓይን ይከደናል እንጂ ጆሮ አይከደንም። ተኝተንም አንጎላችን ይሰማል። ድንገተኛ ድምፅ ሲመጣ አንጎል "አደጋ አለ" ብሎ እንደ አድሬናሊን ያሉ ሆርሞኖችን ያስለቅቃል፤ ልብ ይፈጥናል፣ የደም ግፊት ለአፍታ ከፍ ይላል። ሰውየው ጠዋት ሲነሳ ምንም አያስታውስም። መባነኑ ቢቀንስም ይህ የልብና የደም ሥር ምላሽ ግን ሙሉ በሙሉ አይጠፋም።

ይሄ ለምን ያሳስበናል? ጤነኛ ሰው ሲተኛ የደም ግፊቱ ከቀኑ ከ10 እስከ 20 በመቶ ዝቅ ይላል። ልብና የደም ሥሮች የሚያርፉት ያኔ ነው። ሌሊቱን ሙሉ በድምፅ የሚቀሰቀስ ሰውነት ይህን ዕረፍት በደንብ አያገኝም። በተለይ እንደ ሲስተር እናት ግፊት ላለበት ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ለአውሮፓ ባወጣው መመሪያ የባቡር ድምፅ በሌሊት በአማካይ ከ44 ዴሲቤል፣ የ24 ሰዓቱ ደግሞ ከ54 ዴሲቤል እንዳይበልጥ ይመክራል። ቁጥሩ እንዲገባችሁ፦ ሹክሹክታ 30 አካባቢ ነው፣ መደበኛ ወሬ 60 አካባቢ። ዴሲቤል 10 በጨመረ ቁጥር ድምፁ ለጆሯችን እጥፍ የሆነ ያህል ይሰማናል። ከ44 ወደ 54 መሄድ "ትንሽ ጨመረ" የሚባል አይደለም ማለት ነው።

አንድ ሕንፃ፣ ሁለት ጎን

በጣም የምወደውን ጥናት ልንገራችሁ። ኒውዮርክ፣ ማንሃታን ውስጥ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበር። በአንድ ጎኑ ከፍ ባለ ድልድይ ላይ ባቡር ያልፋል፤ በየ4 ደቂቃ ተኩሉ ገደማ። አርሊን ብሮንዛፍት የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረባቸው ጋር በሐዲዱ በኩል የሚማሩትን ልጆች በሌላኛው ጎን ከሚማሩት ጋር አወዳደሩ። ትምህርት ቤቱ ያው፣ ሰፈሩ ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 በታተመው ውጤት በጫጫታው ጎን የሚማሩት በንባብ ወደኋላ ቀርተው ተገኙ፤ በከፍተኛው ክፍል ልዩነቱ ወደ አንድ ዓመት ይጠጋ ነበር።

ደስ የሚለው ቀጥሎ ያለው ነው። ከሐዲዱ ሥር የላስቲክ ንጣፍ ተደረገ፤ ክፍሎቹም ድምፅ የሚውጥ ኮርኒስ ተሠራላቸው። እ.ኤ.አ. በ1981 በወጣው ተከታይ ጥናት የሁለቱ ጎን ልጆች የንባብ ልዩነት ጠፍቶ ነበር።

ለቤት ገዢ ትምህርቱ ይሄ ነው፦ "ቤቱ ከሐዲዱ ስንት ሜትር ይርቃል?" ብቻ አትበሉ። "ማን፣ በየትኛው ክፍል፣ በየትኛው ጎን ይተኛል?" በሉ።

ሐዲድ ሁሉ አንድ አይደለም

ድሬዳዋን የወለዳት ባቡር ነው። ሐዲዱ እዚያ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902 መጨረሻ ነው፤ አዲስ አበባ የገባው ደግሞ በ1917። ከዚራ የዚያ ዘመን ልጅ ናት። ነገር ግን በአሮጌው መስመር ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ ባቡር መመላለስ ካቆመ ዓመታት አልፈዋል። በ2009 ዓ.ም. መስከረም የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በሌላ መስመር ነው የሚሄደው፤ የድሬዳዋ ጣቢያውም ከመሃል ከተማው ውጭ ነው። ስለዚህ ከዚራ ላይ ጥያቄው "ዛሬ በዚህ ሐዲድ የሚያልፍ ነገር አለ? ወደፊትስ ምን ታስቧል?" ነው። መልሱን ከሻጩ አፍ ብቻ አትስሙ፤ ጎረቤትና ከተማ አስተዳደሩን ጠይቁ።

የአዲስ አበባው ቀላል ባቡር ከ2008 ዓ.ም. መስከረም ጀምሮ እየሠራ ነው። አብዛኛው መስመሩ የሚሄደው በዋና መንገድ መሃል ነው። ባቡሩ ሌሊቱን ሙሉ አይሠራም፤ መኪናው ግን አያቆምም። እዚያ የሚገዛ ሰው "ባቡሩ ይረብሸኛል ወይ?" ብሎ ይጨነቃል እንጂ የሚረብሸው የሚኒባሱ ክላክስና የሲኖትራኩ ሞተር ነው። የናፍጣ ጭስም አለ። ኤሌክትሪክ ባቡር ሰፈር ውስጥ አያጨስም፤ አጠገቡ ያለው መንገድ ግን ያጨሳል። አስም ላለበት ልጅ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

በነገራችን ላይ፣ "የባቡሩ ኤሌክትሪክ ካንሰር አያመጣም ወይ?" የሚለው በብዛት ይጠየቃል። በኤሌክትሪክ መስመር ዙሪያ ያለው መግነጢሳዊ ኃይል በርቀት በፍጥነት ይዳከማል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2002 "ምናልባት" በሚለው ምድብ ያስቀመጠው ውስን መረጃን ይዞ ነው፤ ካንሰር እንደሚያመጣ አልተረጋገጠም። ሐዲድ ዳር ያለ ቤት ስትመርጡ በቅድሚያ የሚያሳስባችሁ እንቅልፋችሁ ይሁን።

አሮጌ ቤት ውበት አለው፤ የተደበቀ ነገርም አለው

ከዚራን የመሰለ ቤት ለሙቀት አገር የታሰበ ነው። ወፍራም ግድግዳ፣ ከፍ ያለ ኮርኒስ፣ በረንዳና ዛፍ ሙቀት ይቀንሳሉ። እኛ የፓዌ ሰዎች ይሄን ማንም ሊነግረን አይገባም! ግን እነዚህን እዩ፦

አስቤስቶስ። የድሮ ጣሪያ ወይም ኮርኒስ የአስቤስቶስ ሲሚንቶ ሊሆን ይችላል። ሳይነካና ሳይሰበር ሲቀመጥ አደጋው ዝቅተኛ ነው። ሲቆረጥ፣ ሲበሳ፣ ሲሰበር ግን በዓይን የማይታይ ብናኝ ይወጣል። የሳንባ ካንሰርን ጨምሮ የሚያመጣቸው በሽታዎች ከአሥርተ ዓመታት በኋላ ነው የሚታዩት። "ጣሪያውን ዝም ብለን እናፍርሰው" አይባልም።

የድሮ ቀለም። እርሳስ የተባለው ብረት ያለበት ሊሆን ይችላል። ለልጅ አንጎል ጎጂ ነው፤ "ይህን ያህል ችግር የለውም" የሚባል መጠን አልተገኘለትም። የተላጠ ቀለም ካለ በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አታስፈግፍጉ። እድሳት ሲኖር ልጆችና ነፍሰ ጡሮች ሌላ ቦታ ይቆዩ።

እርጥበትና ሻጋታ። ግድግዳው ላይ ጥቁር ነጠብጣብ፣ የታፈነ ሽታ ካለ ለአስም ጥሩ አይደለም። አዲስ ቀለም የተቀባው አንድ ግድግዳ ብቻ ከሆነ "ለምን?" በሉ።

የውሃ ማጠራቀሚያ። ፓዌ ላይ ወባን የምናውቀው ከዝናብ በኋላ ከሚቀር ውሃ ጋር ነው። ድሬዳዋ ላይ ግን አኖፌሊስ ስቴፈንሲ የምትባል የወባ ትንኝ በርሜልና ታንከር ውስጥ ትራባለች። በ2014 ዓ.ም. ከተማዋ ላይ ከነበረው የወባ ወረርሽኝ ጋር ስሟ ተያይዟል። በ2006 የዴንጊ፣ በ2011 ደግሞ የቺኩንጉንያ ወረርሽኝ ነበር፤ እነዚህን የምታስተላልፈው ሌላ ትንኝ ናት፤ እሷም የምትራባው በተጠራቀመ ውሃ ውስጥ ነው። ክዳን የሌለው ታንከር ያለበት ቤት ከባቡሩ በፊት በትንኝ ነው የሚያሳምማችሁ።

ለሲስተር የሰጠኋት ምክር

"ከጤና አንፃር ካየሽው እኔ ወደ ከዚራው አደላለሁ" አልኳት። ኮንዶሚኒየሙ ሁለት መኝታ ክፍል አለው፤ ሁለቱም ወደ መንገዱ ናቸው። እማማ የሚያርፉበት፣ ልጁም ጭስ ሳይገባ መስኮት ከፍቶ የሚተኛበት ጸጥ ያለ ጎን የለም። የከዚራው ቤት ግን በስተጀርባ ወደ ግቢው የሚከፈቱ ክፍሎች አሉት። ነገ ሐዲዱ ሥራ ቢጀምር እንኳ የምትሸሹበት ጎን አላችሁ።

ግን "ግዢው" አላልኳትም። "ጣሪያው በባለሙያ ይታይ፣ ሻጋታ ይፈተሽ፣ ታንከሩ ይከደን፤ የእድሳቱ ወጪ ከቤቱ ዋጋ ጋር ይደመር። ያ ተደምሮ አቅምሽን ካለፈ ለበረንዳ ብለሽ ዕዳ ውስጥ አትግቢ፤ የገንዘብ ጭንቀትም እንቅልፍ ይነሳል" ነው ያልኳት። ሌላም ጨመርኩ። በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ትርፍ ቤቶች ተወርሰዋል፤ ስለዚህ አሮጌ ቤት ሲገዛ የሚሸጠው ሰው በእርግጥ ባለቤት መሆኑን፣ ግቢው የባቡር ይዞታ ውስጥ አለመግባቱን በጽሑፍ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ከመፈረማችሁ በፊት እነዚህን አድርጉ

1. ቤቱን በቀን ብቻ አትዩ። ቢቻል አንድ ሌሊት እደሩበት። ካልተቻለ ከሌሊቱ 5 ሰዓት አካባቢና ንጋት 11 ሰዓት ላይ ደጁ ቆማችሁ አዳምጡ። አንዱ የሥራ ቀን፣ ሌላው ቅዳሜ ወይም እሑድ ይሁን።

2. ስልካችሁ ላይ የድምፅ መለኪያ አፕ ጫኑ። እንደ ባለሙያ መሣሪያ ትክክል ባይሆንም የፊቱን ክፍል ከጓሮው ክፍል ለማወዳደር ይበቃል።

3. ዘበኛውንና ጎረቤቱን "ሌሊት ስንት ጊዜ ያልፋል? ጥሩምባ ይነፋል?" ብላችሁ ጠይቁ። በአማካይ ዝቅ ያለ ድምፅም ሌሊት አሥር ጊዜ ድንገት ከመጣ እንቅልፍ ይቆራርጣል።

4. መስኮት ዘግታችሁም ከፍታችሁም ሞክሩ። ሞቃት ከተማ ላይ "መስኮት ዘግተን እንተኛለን" ማለት ድምፅን በሙቀት መለወጥ ነው። አልጋ፣ በተለይ የልጅና የአረጋዊ፣ በጸጥታው ጎን ይሁን፤ ሳሎንና ወጥ ቤት በሐዲዱ በኩል።

5. ልጅ ካለ አጥር የግድ ነው። ባቡር የማያልፍበትን ሐዲድ መጫወቻ ያደረገ ልጅ ባቡር የሚያልፍበትም ላይ ይጫወታል። ኤሌክትሪክ ባቡር ደግሞ ድምፁ ሳይሰማ ነው የሚደርሰው።

አሁኑኑ ሐዲድ ወይም ጫጫታ ዳር የምትኖሩ ደግሞ አትደንግጡ። አልጋችሁን ወደ ሌላኛው ጎን አዛውሩ፣ የመስኮት ክፍተት ድፈኑ፣ የጆሮ መሰኪያ ሞክሩ፤ ሌሊት የሚከታተሉት ሕፃን ወይም ሕመምተኛ ካለ ግን መሰኪያውን ተዉት። ሰባት ሰዓት ተኝታችሁም ደክሟችሁ የምትነሱ ከሆነ፣ ጠዋት ጠዋት ራስ ምታት ካለ፣ ወይም መድኃኒት እየወሰዳችሁ ግፊታችሁ አልስተካከል ካለ ለሐኪማችሁ ስትነግሩ የምትተኙበትንም ቦታ ንገሩት። ብዙ ጊዜ እኛም አንጠይቅም፣ እናንተም አትነግሩንም።

ቤት ሊገዛ ወይም ሊከራይ የተነሳ ዘመድ ካላችሁ ቀብድ ከመክፈሉ በፊት ሼር አድርጉለት። ጥያቄ ካላችሁ በኮሜንት ጻፉልኝ፤ እንደ ወትሮው ተራ በተራ እመልሳለሁ። ሰላም እደሩ፣ ደህና ተኙ!