የገጠሩ መንገድ ገበያውን አቀረበ፤ አደጋውን ማን ይቀንሰው?

ወደ አንድ ወረዳ ጠጠር መንገድ ሲገባ ወሬውን ከሁሉ ቀድሞ የሚሰማው ነጋዴው ነው። ትናንት በአህያ ተጭኖ ግማሽ ቀን ይጓዝ የነበረው ጤፍ ዛሬ በአይሱዙ ከገበሬው ደጃፍ ይነሣል። የጭነት ዋጋ ይወርዳል፤ የደላላው ስልክ ሥራ ይበዛበታል፤ መገንጠያው ላይ መጀመሪያ ሻይ ቤት፣ ቀጥሎ መጋዘን፣ ቀጥሎ የነዳጅ ማደያ ይተከላል። ቀበሌው ከተማ መሆን ይጀምራል። ከዚህ ሁሉ ጋር አብሮ የሚመጣ አንድ ወጪ ግን በማንም የሂሳብ መዝገብ ላይ አስቀድሞ አይሰፍርም። እሱም የመንገድ አደጋ ነው።

አደጋ ከሁሉ በፊት የሰው ሕይወት ጉዳይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ 1 ሚሊዮን 190 ሺህ ያህል ሰው በመንገድ አደጋ ሲሞት ከመቶው 92ቱ የሞተው ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። ለገበያ ሰው ደግሞ አደጋ የገንዘብ ጉዳይም ነው። አንድ የጭነት መኪና ገጠር ላይ ሰው ገጭቶ ከገደለ ሾፌሩ ይታሰራል፤ መኪናው ለምርመራ ይቆማል፤ እህሉ ወይ ይራገፋል ወይ ዝናብ ይመታዋል፤ ገዢውም ሌላ ሻጭ ይፈልጋል። ከፍርድ ቤቱ ጎን ለጎን ሽምግልናው፣ በኦሮሚያ አካባቢዎች ደግሞ ጉማው አለ። መድን የሚሸፍነው የዚህን ሁሉ አንድ ክፍል ብቻ ነው። በ2005 ዓ.ም. የወጣው የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799 ሲታወጅ ለሞት ያስቀመጠው የካሳ ጣሪያ 40 ሺህ ብር ነበር። ከጣሪያው በላይ የሚጠየቀው ከባለንብረቱ ኪስ የሚወጣ ነው።

የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ጥናት አምስት አገሮችን መርምሮ ነበር። ከነዚህ አንዷ የሆነችው ታንዛኒያ በመንገድ አደጋ የሚደርሰውን ሞትና ጉዳት በግማሽ ብትቀንስ በ24 ዓመት ውስጥ የነፍስ ወከፍ ገቢዋ 7 በመቶ ያህል ከፍ ሊል እንደሚችል አስልቷል። ጎረቤታችን አካባቢ ያለች፣ ኢኮኖሚዋም በእርሻ ላይ የቆመ አገር ናትና ስሌቱ ለእኛም ባዕድ አይሆንም።

መንገዱ በምን ያህል አደገ?

የመንገድ ዘርፍ ልማት ፕሮግራም በ1989 ዓ.ም. ሲጀመር የአገሪቱ የመንገድ መረብ 26,550 ኪሎ ሜትር ነበር። በ2002 ዓ.ም. ከ48 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ደረሰ። በ2003 ዓ.ም. «ዩራፕ» በሚል ስም የሚታወቀው የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ቀበሌዎችን ሁሉ ክረምት ከበጋ በሚያስኬድ መንገድ ለማገናኘት ከ70 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ አቅዶ ተነሣ። በ2007 ዓ.ም. ጠቅላላው መረብ ከ110 ሺህ ኪሎ ሜትር አለፈ። በ18 ዓመት ውስጥ ከአራት እጥፍ በላይ ማደጉ ነው። የተሽከርካሪው ቁጥርም በ2012 ዓ.ም. አንድ ሚሊዮን አልፎ ነበር።

እነዚህ የወረዳ መንገዶች ሲነደፉ የታሰበው በቀን ጥቂት መኪና ብቻ ያልፍባቸዋል ተብሎ ነው። በመሆኑም ጠባብ ናቸው፤ ኩርባቸው የመሬቱን አቀማመጥ ይከተላል፤ የውሃ ቱቦና ድልድዩም ብዙ ጊዜ አንድ መኪና ብቻ ያሳልፋል። ለታሰቡበት አገልግሎት ይህ በቂ ነበር። ይሁን እንጂ ገበያው ሲያድግ የሚለወጠው ትራፊኩ እንጂ ንድፉ አይደለም። ለጥቂት መኪና በተሠራው መንገድ ላይ አይሱዙው፣ ሲኖትራኩ፣ ቅጥቅጡ፣ ባጃጁ፣ ሞተር ሳይክሉ፣ ጋሪውና አህያው ከትምህርት ቤት ከሚመለሰው ሕፃን ጋር በአንድነት ይጋፋሉ።

ሌላም ነገር አለ። ጠጠሩ አስፋልት ሲለብስ ሁሉም ደስ ይለዋል፤ ያን ጊዜ ግን አደጋው ሊብስ ይችላል። ጉድጓዱና አቧራው ሾፌሩን ሳይወድ በግድ ያዘገዩት ነበር። አስፋልቱ ሲመጣ ፍጥነት ይጨምራል፤ እግረኛው ግን የሚሄድበት ሌላ መንገድ ስለሌለው እዚያው ዳር ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው አማካይ ፍጥነት 1 በመቶ ሲጨምር የሞት አደጋ 4 በመቶ ያህል ይጨምራል።

አደጋውን ከመቁጠር መንገዱን መቁጠር

በተለምዶ ለደህንነት ገንዘብ የሚመደበው አደጋ ለበዛበት ስፍራ ነው። ከተማ ውስጥ ይህ ያስኬዳል፤ አንድ አደባባይ ላይ በዓመት ብዙ ግጭት ስለሚመዘገብ ስፍራው ራሱ ይናገራል። ገጠር ላይ ግን አደጋው የተበታተነ ነው። ዘንድሮ አንድ ኩርባ ላይ፣ ለከርሞ አሥር ኪሎ ሜትር አልፎ ሌላ ኩርባ ላይ ይደርሳል። ሰው የሞተበትን ቦታ ብቻ እያሳደዱ ማስተካከል ሁልጊዜ ከአደጋው ኋላ መድረስ ነው። በዚያ ላይ ከፖሊስ ጣቢያ ርቆ የሚደርሰው ግጭት ብዙው ሳይመዘገብ በሽምግልና ይዘጋል።

ይህን ችግር በዘዴ ከፈቱት መካከል ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት የአሜሪካዋ ሚኔሶታ ግዛት ትጠቀሳለች። በአሜሪካ በገጠር የሚኖረው ሕዝብ አንድ አምስተኛ ገደማ ሲሆን ከመንገድ ሟቾቹ ግን 40 በመቶ ያህሉ የሚሞቱት በገጠር መንገድ ላይ ነው። ሚኔሶታ 87 ካውንቲዎች አሏት፤ ካውንቲ ማለት እንደ እኛ ዞን ወይም ወረዳ ያለ የአስተዳደር እርከን ነው። የግዛቲቱ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ለ87ቱም የመንገድ ደህንነት ዕቅድ እንዲዘጋጅ አደረገ።

ዘዴው ቀላል ነው። በየካውንቲው ያለውን ኩርባ፣ መገንጠያና ቀጥተኛ መንገድ እየዞሩ ቆጠሩ። ለእያንዳንዱ የአደጋ ምልክት አንድ ኮከብ ሰጡ። ለምሳሌ ኩርባው መካከለኛ ጥበት ያለው ከሆነ አንድ ኮከብ፤ ኩርባው ላይ መገንጠያ ካለ አንድ፤ መንገዱ ቀጥ ብሎ የሚቀጥል አስመስሎ ሾፌሩን የሚያሳስት ከሆነ አንድ፤ የሚያልፈው መኪና ቁጥር ለአደጋ በሚያሰጋው መጠን ውስጥ ከሆነ አንድ፤ ቀድሞ ከባድ አደጋ ደርሶበት ከሆነም አንድ። ኮከብ የበዛበት ስፍራ ገና ማንም ሳይሞትበት ተራው ይደርሰዋል። ገንዘቡም አንድ ውድ መሻገሪያ ላይ ከማለቅ በመቶ ኩርባዎች ላይ በትንሽ በትንሹ ይበተናል።

ይህን ወደ እኛ ወረዳ ለማምጣት የውጭ አማካሪ መቅጠር የግድ አይደለም። የወረዳው መንገድ ጽሕፈት ቤት ባለሙያ፣ አንድ የትራፊክ ፖሊስና መንገዱን የሚያውቅ አንድ ሾፌር በአንድ መኪና ወጥተው የሚከተለውን ቢጠይቁ ዝርዝሩ በጥቂት ቀናት ይደርሳል። ኩርባው ያለው ከረጅም ቁልቁለት በታች ነው? ድልድዩ ከመንገዱ ይጠባል? ባህር ዛፍ ወይም ቤት እይታ ይከልላል? ትምህርት ቤት፣ ገበያ ወይም የውሃ መቅጃ በአቅራቢያው አለ? የቀበሌው መንገድ አስፋልቱን የሚገናኘው ሾፌሩ ከሩቅ ሊያየው በሚችልበት ቦታ ነው? አምስቱም ላይ «አዎን፣ ያሰጋል» የተባለበት ስፍራ ከዝርዝሩ ራስ ላይ ይቀመጣል።

በትንሽ ገንዘብ ብዙ ሥራ

የደህንነት ሥራ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው የፍጥነት መንገድ ነው። ነገር ግን ውጤታቸው ከተመሰከረላቸው ሥራዎች ብዙዎቹ ርካሽ ናቸው። የአሜሪካ ፌዴራል አውራ ጎዳና አስተዳደር ባጠናቀራቸው ውጤቶች መሠረት ባለ ሁለት መስመር የገጠር አስፋልት ላይ የጠርዙን ነጭ መስመር ማስፋት ብቻውን ከመገናኛዎች ውጭ የሚደርሰውን የሞትና የጉዳት ግጭት እስከ 37 በመቶ ሊቀንስ ይችላል። መኪና ሲረግጠው የሚያንቀጠቅጥ ሸካራ መስመር መሐል መንገዱ ላይ ሲደረግ ፊት ለፊት የሚደርሰው የሞትና የጉዳት ግጭት ከ44 እስከ 64 በመቶ ይቀንሳል። ሁለቱ ወገን ብቻ የሚቆሙበትን መስቀለኛ መንገድ ወደ አደባባይ መለወጥ ከባዱን ግጭት 82 በመቶ እንደሚቀንስ ተመዝግቧል።

እነዚህ ቁጥሮች የተገኙት በሌላ አገር መንገድ ላይ በመሆኑ ልክ እንዳሉ ለእኛ ይደገማሉ ማለት አይቻልም። አቅጣጫው ግን አንድ ነው። ጠጠር መንገድ ላይ መስመር አይቀባም፤ በምትኩ ኩርባ ላይ ኖራ የተቀቡ ድንጋዮች ወይም የሲሚንቶ አጫጭር ምሰሶዎች መደርደር፣ እይታ የሚከልለውን ቁጥቋጦ መመንጠር፣ ከጠባብ ድልድይ በፊት ምልክት ማቆም ይቻላል። የገበያ ቀን ሕዝብ በሚሰበሰብበት መንደር ደግሞ መኪናው የሚቆምበት ገባ ያለ ቦታ መጥረግ፣ መግቢያና መውጫው ላይ የፍጥነት መቀነሻ መሥራት፣ ከቦዩ ወዲያ ለእግረኛና ለከብት መሄጃ ማበጀት ነው። ለብዙው የሚያስፈልገው የአካባቢው ድንጋይ፣ የአካባቢው ጉልበትና የሚከታተል ሰው ነው።

ገንዘቡ ከየት?

በ1989 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 66 የመንገድ ፈንድ ሲቋቋም ዋናው ገቢ ከነዳጅ ሽያጭ ላይ የሚሰበሰብ ክፍያ እንዲሆን፣ ዓላማውም የመንገድ ጥገና ብቻ ሳይሆን የመንገድ ደህንነት ሥራም እንዲሆን በግልጽ ተደንግጓል። እንግዲህ ናፍጣ የሚቀዳ ነጋዴ ሁሉ ለደህንነት ጭምር እንዲከፍል የታሰበው ያኔ ነው። ገንዘብ የሚጠይቅ ወረዳ ግን የጥገና ጥያቄውን «ይህን ያህል ኪሎ ሜትር ጠጠር» ብሎ ብቻ ሲያቀርብ የደህንነቱ ሥራ ስም ሳይጠራ ያልፋል። የተቆጠረና በቅደም ተከተል የተቀመጠ ዝርዝር የያዘ ወረዳ ግን በየትኛውም የበጀት ጠረጴዛ ላይ የሚያሳየው ነገር አለው። የግሬደር ሥራ ሲካሄድ ምልክቱንና ቦዩን አብሮ ማስተካከል ደግሞ ለብቻው ከመውጣት በእጅጉ ይረክሳል።

የነጋዴውና የደላላው ድርሻ

ሕዝቡ አይሱዙን «አልቃይዳ»፣ ሲኖትራክን «ቀይ ሽብር» ያለው ከደረሰበት ተነሥቶ ነው። ሆኖም መኪናው በራሱ አይቸኩልም። ሾፌሩ የሚከፈለው በምልልስ ከሆነ፣ ደላላውም ኮሚሽኑን የሚያገኘው በምልልስ ከሆነ፣ ገበያው ራሱ ፍጥነት እየገዛ ነው ማለት ነው።

ሂሳቡን እንመልከት። 60 ኪሎ ሜትር የሆነ የወረዳ መንገድ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲነዳ አንድ ሰዓት ይወስዳል፤ በ80 ሲነዳ 45 ደቂቃ። የተገኘው ትርፍ 15 ደቂቃ ነው፤ ይህም በእህል በረንዳ ተራ በመጠበቅ የሚያልፍ ጊዜ ነው። በአንጻሩ መኪናው ይዞት የሚሄደው የግጭት ጉልበት 78 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ከመጠን በላይ የተጫነ ከሆነማ ፍሬኑ ቁልቁለት ላይ የሚይዘው ነገር የለም። ከሾፌሩ ጋር ያለው ውል የመድረሻ ሰዓት ጣሪያ ሳይሆን ወለል ቢኖረው፣ ጭነት ላይ ሰው እንዳይሳፈር ቢከለከል፣ ጭነቱ በሚዛን ልክ ቢሆን፣ ይህ የመንግሥት በጀት አይጠይቅም።

ለባለሀብቱም አንድ ቃል አለን። መገንጠያ ላይ ያለ መሬት ዋጋው የሚወደደው መኪና ስለሚያቆም ነው፤ አደጋ የሚበዛበትም በዚያው ምክንያት ነው። መጋዘን ወይም ማደያ የሚያቋቁም ሰው የመንገዱን ወሰን ሳይጠይቅ በሩን በቀጥታ ወደ አስፋልቱ ከከፈተ፣ ተሳቢው ሲዞር መንገዱን ይዘጋል፤ ነገ መንገዱ ሲሰፋም አጥሩ ይፈርሳል። መግቢያና መውጫውን ለይቶ፣ መኪና የሚዞርበትን ግቢ ውስጥ አድርጎ መሥራት ዛሬ ትንሽ መሬት ይበላል፤ ንብረቱን ግን ያዘልቃል።

ጊዜውን ማወቅ

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። መንገዱን ዞሮ የመቁጠሩ ሥራ በበጋው ካለቀ ዝርዝሩ በግንቦትና በሰኔ ከሚዘጋጀው በጀት ላይ ይደርሳል። ዝናቡ መስከረም ላይ ሲያቆም የመንገድ ሥራው ይጀመራል። የእህሉ ጭነት የሚበረታው ግን ከኅዳር ጀምሮ ነው። በመሆኑም ምልክቱ መቆም፣ ቁጥቋጦው መመንጠር፣ የፍጥነት መቀነሻው መሠራት ያለበት በጥቅምት ውስጥ ነው። በየወረዳው ያለው የንግድ ማኅበረሰብ ከአስተዳደሩ ጋር ሲቀመጥ «መንገድ ይሠራልን» ብሎ መጠየቅ ለምዷል። ከዚያው ጥያቄ ጎን «የትኛው ኩርባ፣ የትኛው ድልድይ፣ ከጥቅምት በፊት» ብሎ ቢጨምር ለመኪናውም፣ ለጭነቱም፣ ከሁሉ በላይ በመንገዱ ዳር ለሚሄደው ሰው ይበጃል።