የአሮጌ ኦራል ሻሲና ባሌስትራ እድሳት

አሮጌ የጦር ሠራዊት መኪና ለእህል ማመላለሻ ሲታሰብ የብዙዎቻችን ዓይን በመጀመሪያ የሚያርፈው በሞተሩና በቀለሙ ላይ ነው። ሞተር ቢበላሽ መኪናው ይቆማል፤ ጉዳቱም የጊዜና የገንዘብ ነው። ሻሲው ወይም ባሌስትራው ቁልቁለት ላይ ቢሰበር ግን የሰው ሕይወት ይጠፋል። ስለዚህ እድሳቱ ከሥር ይጀመር።

ለምሳሌ የሚሆነን በአገራችን «ኦራል» እየተባለ የሚጠራው መኪና ነው። ኡራል 375 በሶቪየት ኅብረት በሚያስ ከተማ መሠራት የጀመረው በ1961 እ.ኤ.አ. ነው። ሻሲው መሰላል ይመስላል፤ ሁለት ረጃጅም ብረቶች በአግዳሚዎች ተያይዘው በሪቬት፣ ማለትም ጫፉ ተደፍጥጦ በሚይዝ ወፍራም ሚስማር፣ ታስረዋል።

በመጀመሪያ ጭነት መጫኛው ይውረድ፤ ጭቃውና አሮጌው ቅባትም ተፍቆ ይጽዳ። ቀጥሎ ሻሲው አለመጣመሙ ይረጋገጣል። ደልዳላ ወለል ላይ አቁማችሁ፣ በግራና በቀኝ ትይዩ ከሆኑ አራት ነጥቦች ቱምቢ አውርዱና ወለሉን በጠመኔ ምልክት አድርጉ። ከዚያም ከማዕዘን ወደ ማዕዘን አግድመታዊውን ርቀት ለኩ። ሁለቱ ልኬቶች እኩል ካልሆኑ ሻሲው ተንጋዷል፤ ማቃናቱም የታወቀ ባለሙያ ሥራ ነው።

ስንጥቅ በዓይን ብቻ አይታይም። የተጠረጠረውን ቦታ በነጭ ጋዝ አርሱት፤ በጨርቅ አድርቃችሁ የጠመኔ ዱቄት ቀቡት። በስንጥቁ ውስጥ የቀረው ጋዝ ወደ ውጭ እየሰረገ በነጩ ላይ ቀጭን መስመር ያወጣል። ርካሽ ዘዴ ነው፤ ብዙ ጋራዥ ግን ይዘነጋዋል። በሪቬቱ ዙሪያ ቀይ የዝገት ቀለበት ከታየ ሪቬቱ ላልቷል ማለት ነው። በቦታው ሰፊ ቀዳዳ ውስጥ የሚንቀጠቀጥ ተራ ብሎን ማስገባት አይበጅም፤ ቀዳዳውን ሞልቶ የሚገጥም ጠንካራ ብሎን ይሁን።

ስንጥቁ የሚበየድ ከሆነ የባትሪው ገመድ ይነቀል። በስንጥቁ ጫፍ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ይበሳ፤ ያለዚያ ስንጥቁ ከብየዳው አልፎ ይሄዳል። የሚደገፍበት ብረት ጫፉ በቀጥታ ሳይሆን በሰያፍ ይቆረጥ፤ ቀጥ ብሎ ከተቆረጠ አዲሱ ስንጥቅ የሚጀምረው እዚያው ነው።

ባሌስትራውን ስትፈቱ ሻሲው በክሪክ ብቻ ተይዞ አይቆይ፤ ጠንካራ ድጋፍ ይደረግለት። የተጨመቀ ባሌስትራ በድንገት ሲፈታ ሰው ይገድላል። ከፊት በኩል ባሌስትራውና አሞርዛተሩ አብረው ይሠራሉ። የኋላው አሠራር ግን ልዩ ነው። ባሌስትራው ተገልብጦ መሐሉ ላይ ስለሚሽከረከር አንዱ ጎማ ድንጋይ ላይ ሲወጣ ክብደቱን ለሌላው ያካፍላል፤ ጫፎቹም በአክስሎቹ ላይ ይንሸራተታሉ እንጂ አይታሰሩም። አክስሎቹን ወደፊትና ወደኋላ እንዳይሄዱ የሚይዟቸው ስድስት ዘንጎች ናቸው። የዘንጎቹ መጋጠሚያ ሲያረጅ መኪናው ቀጥ ብሎ አይሄድም፣ ጎማም ያለጊዜው ያልቃል። በረጅም ብረት እየገፋችሁ ፈትኗቸው።

የተሰበረ የባሌስትራ ቅጠል በፍጹም አይበየድ፤ እሳቱ የብረቱን ጥንካሬ ያጠፋዋል። ይለወጥ። አዲሶቹ ብሎኖች ከመጀመሪያው የጭነት ጉዞ በኋላ ስለሚላሉ፣ መኪናው እንደተመለሰ፣ ከሁለተኛው ጭነት በፊት፣ ሁሉም እንደገና ይጠበቁ።