የትከሻ ቀዶ ሕክምናና የአንገት መርፌ

ትከሻ በእናቶቻችን ኑሮ ብዙ የሚሸከም የአካል ክፍል ነው። በሱሉልታ የጭራሮው እስር፣ በቡራዩ የውኃው ጀሪካን፣ በሰበታ ደግሞ በየፋብሪካው ቀኑን ሙሉ የሚነሣውና የሚወርደው ዕቃ ጫናው የሚያርፈው በእርሱ ላይ ነው። በዚህ ላይ መውደቅና የባጃጅ አደጋ ሲጨመር አጥንቱ ይሰበራል፤ ጅማቱም ይበጠሳል። ብዙዎች አስቀድመው ወጌሻ ዘንድ ይሄዳሉ። ይሁን እንጂ ስብራት ከመጠን በላይ ጠብቆ ሲታሰር የደም ዝውውር ታግዶ እጅ እስከ መቆረጥ እንደሚያደርስ ሐኪሞች ደጋግመው ያስጠነቅቃሉ።

በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ከተጠቃለሉት ከእነዚህ ሦስት ከተሞች ለአጥንት ቀዶ ሕክምና እንደ ጥቁር አንበሳና አቤት ወዳሉት የአዲስ አበባ ሆስፒታሎች የሚላኩ አሉ። የትከሻ ቀዶ ሕክምና ሕመም ከበድ ካሉት ወገን ነው፤ በተለይ የመጀመሪያው ሌሊት እንቅልፍ ይነሣል። ስለሆነም የማደንዘዣ ባለሙያዎች ከአንገት ወደ ክንድ የሚወርዱትን ነርቮች በመርፌ ያደነዝዛሉ።

ከዘዴዎቹ እጅግ የታወቀው በአንገት ጎን በሁለት ጡንቻዎች መካከል የሚሰጠው መርፌ ነው። አሜሪካዊው ሐኪም አሎን ዊኒ እ.ኤ.አ. በ1970 ይህን ዘዴ በጽሑፍ ካስተዋወቁ ወዲህ በዓለም ተስፋፍቷል። ቡፒቫኬይን በተባለው መድኃኒት ሲሰጥ ግማሽ ቀን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሕመሙን ይይዛል። ችግሩ ግን ለትንፋሽ የምንጠቀምበትን ድያፍራም የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ በዚያው ሥፍራ ማለፉ ነው። በተለመደው መጠን ሲሰጥ በተወጋው ወገን ያለው የድያፍራም ግማሽ ለሰዓታት ይሰንፋል። ጤነኛ ሰው ብዙም አይሰማው ይሆናል። አስም ያለባት ወይም ለዓመታት በእንጨትና በኩበት ጭስ እንጀራ ስትጋግር ሳንባዋ የተጎዳባት እናት ግን ልትጨነቅ ትችላለች። «ሲጋራ ታጨሻለሽ ወይ?» ተብላ ስትጠየቅ «አላጨስም» ማለቷ እውነት ነው፤ የምድጃውን ጭስ ካልተናገረች ግን ነገሩ ተሸፍኖ ይቀራል።

ለእንዲህ ያለችው ሴት ከትከሻ ሰሌዳው በላይ የሚያልፈውንና በብብት በኩል የሚዞረውን ነርቭ ለየብቻ ማደንዘዝ ይቻላል። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ማስታገሱ ከአንገቱ መርፌ ዝቅ ሊል ይችላል፤ ትንፋሽን ግን ብዙም አይነካም። በአልትራሳውንድ እያዩ የመድኃኒቱን መጠን መቀነስም ሌላው መንገድ ነው። በቀጭን ቱቦ ለሁለት ለሦስት ቀን መድኃኒት የሚያንጠባጥበው ዘዴ ከሁሉም ይረዝማል፤ ነገር ግን የቅርብ ክትትል ስለሚሻ በማግሥቱ ወደ ሰበታ ለምትመለስ ታካሚ የሚመች አይመስለኝም።

መርፌው በለቀቀ ጊዜ ሕመሙ በአንድ ጊዜ ይመጣል። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የተወጋች ሴት የሚለቃት አብዛኛውን ጊዜ ማታ ወይም ሌሊት፣ የሰፈሩ መድኃኒት ቤት በተዘጋበት ሰዓት ነው። ስለዚህ ሐኪሙ ያዘዘው ኪኒን ክንዱ ገና እንደ ደነዘዘ፣ ከመተኛት በፊት ይዋጣል። እስኪለቅ ድረስ ክንዱ በአንገት ማንጠልጠያ ይታሰራል፤ የሚያጠባ ልጅ በዚያ ክንድ አይታቀፍም፤ ከጀበናና ከምጣድም መራቅ ይገባል፤ የደነዘዘ እጅ ሲቃጠል አይሰማውምና። የዓይን ቆብ በተወጋው ወገን ጥቂት ቢወርድ፣ ድምፅም ቢጎረንን ከመርፌው ጋር የሚለቅ ነገር ነው። ትንፋሽ ካጠረ ግን ሳይውል ሳያድር፣ በሌሊትም ቢሆን፣ ወደ ሆስፒታል መመለስ ነው።